ደሴ ላይ በትንሽ ገንዘብ የሬዲዮ ሞገድ መከታተያ ጣቢያ፦ ከምን እንጀምር?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሳይንስ ክበብ ልጆች ጋር አንድ ነገር አስበናል። አጭር ሞገድ ከሩቅ አገር መቼ እንደሚደርሰን፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ መቼ እንደሚመለስ ዓመቱን ሙሉ የሚመዘግብ ትንሽ ጣቢያ መሥራት። ማስተላለፍ የለበትም፤ መስማት ብቻ።

በእጃችን ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሰፊ ግቢና ከወላጆች የተዋጣ ትንሽ ብር ነው። የትኛው ተቀባይ ይሻለናል? የጦሳ ተራራ በምዕራብ በኩል ተገትሯል፤ ሲግናሉን ይጋርድብን ይሆን? ለመስማት ብቻስ ፈቃድ ያስፈልጋል?

ዒላማችን ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። የዚያን ቀን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሉክሶርን፣ ጅዳንና መካን ያቋርጣል። እኛ ጋ ከፊል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት ሲሠራ ሁላችንም መነጽር ፍለጋ ላይ ነበርን። ለሚመጣው ግን አንድ መረጃ ይዘን ብንገኝ ብዬ ነው።

ኪዩቢት (ወሎ ዩኒቨርሲቲ)

ቲቸር አሪፍ ሐሳብ ነው! አርቲኤል-ኤስዲአር ይግዙ። በዩኤስቢ የሚሰካ ፍላሽ የምታክል ነገር ናት። መጀመሪያ የተሠራችው ለቴሌቪዥን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ግን ሰው ሁሉ ሰፊ ሬዲዮ አድርጎ ይጠቀምባታል። ዋጋዋ ከ30 እስከ 40 ዶላር አካባቢ ነው። ግን «ቪ3» ወይም «ቪ4» የሚባለውን እንጂ ርካሹን ሰማያዊ እንዳይገዙ። ተራዋ ከ24 ሜጋኸርዝ በታች አትሰማም። አጭር ሞገድ ደግሞ ያለው ከ30 በታች ነው።

ናፋቂ (ከባሕር ማዶ)

ሰላም ወሎዬዎች። ኪዊኤስዲአር ግዙና ተገላገሉ። ከ0 እስከ 30 ሜጋኸርዝ በአንዴ ይሰማል፣ በኢንተርኔት ከየትም ይከፈታል።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ርዕሱ ላይ «በትንሽ ገንዘብ» ይላል እኮ። የኪዊው ዋጋ ብዙ መቶ ዶላር ነው። ለዚያውም ከውጭ ሰዎች ገብተው ሲያዳምጡበት የሚበላውን ዳታ ማን ይከፍላል?

ሩቅ ሰሚ (አዲስ አበባ)

አስተማሪ፣ እግዜር ይስጥልን። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከወሎ ሲመጣ ደስ ይላል። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ስለ ፈቃዱ፦ ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ አይቻልም፤ ይህ ግልጽ ነው። እናንተ አታስተላልፉም። ቢሆንም ዕቃ ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጠይቁ። ጉምሩክ ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ሲባል የሚታይ ወረቀት ቢኖራችሁ ይሻላል። አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ያለው የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ። መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው። ለልጆቹ አንድ ቀን ጉብኝት ቢመቻችላቸው መልካም ነው።

ስለ ጦሳ፦ በምን አቅጣጫና በምን ያህል ርቀት እንደምትሰሙ ይወስነዋል። 500 ሜትር ከፍ የሚል ተራራ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ቢቆም አድማሱን ወደ 9 ዲግሪ ተኩል ያነሳዋል። ከኬንያ የሚመጣ ሲግናል 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አንዴ ነጥሮ ሲወርድ 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚመጣው። ለዚያውም በደቡብ በኩል። ስለዚህ ጦሳ አይነካውም። ከአሜሪካ የሚመጣው ግን በሰሜን ምዕራብ፣ አድማሱን ታክኮ ነው። እሱ ላይ ተራራው የድርሻውን ይወስዳል። ይህን እንደ ጉዳት አትዩት። ተራራው ሁልጊዜ እዚያው ነውና መዝገባችሁን አያምታታም።

ምን ትሰማላችሁ ለሚለው፣ ለእናንተ የሚመቸው ዊስፐር ነው። ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጆ ቴይለር ነው፤ በፐልሳር ግኝት እ.ኤ.አ. በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት ሁለቱ አንዱ። በየዓለሙ ያሉ አማተሮች በጣም ትንሽ ኃይል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 ዋት በታች፣ ይልካሉ። መልእክቱ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ መጠሪያ፣ የቦታ ኮድ፣ የላኩበት ኃይል። አንዱ መልእክት ወደ 110 ሰከንድ ይፈጃል፤ ሁልጊዜም ተጋማሽ ቁጥር በሆነ ደቂቃ ላይ ይጀምራል፦ 0፣ 2፣ 4 እያለ። ጆሮ ጨርሶ የማይለየውን፣ ከጫጫታው በ28 ዴሲቤል ያነሰውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ያወጣዋል። የላኪው ኃይል ስለሚታወቅ መንገዱ ላይ ምን ያህል እንደጠፋ ማስላት ይቻላል። ለፊዚክስ ክፍል ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

በጣም አመሰግናለሁ። ርካሹን ሰማያዊ አንድ ተማሪዬ ከዘመዱ አግኝቶ አምጥቷል። ጨርሶ አይሆንም ማለት ነው?

ሩቅ ሰሚ (አዲስ አበባ)

ለዊስፐር አይሆንም። በ20 ሜትር ባንድ (14 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ላይ የዊስፐር መስኮት ስፋቱ 200 ኸርዝ ብቻ ነው። ርካሹ ላይ ያለው ክሪስታል በሚሊዮን 50 ቢስት፣ 14 ሜጋኸርዝ ላይ 700 ኸርዝ ይሆናል። ከመስኮቱ ወጣ። ሲሞቅ ደግሞ ይንሸራተታል። ቪ3 ላይ ያለው ከሙቀት ጋር ራሱን የሚያስተካክል ኦሲሌተር ስህተቱ በሚሊዮን 1 ያህል ነው፤ 14 ኸርዝ መሆኑ ነው። ሰማያዊውን ኤፍ ኤም ማዳመጫ አድርጉት፤ ልጆቹ ስፔክትረም ማየት ይለማመዱበት።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁም ስለ ተቀባዩ ታወራላችሁ። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አለኝ፤ አጠገቤ ብየዳ ቤት፣ ባሻገር ፋብሪካ። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ መሆኗ ለሥራ ጥሩ ነው፣ ለአጭር ሞገድ ግን እዳ ነው። ቀን ላይ አንቴናዬን ብሰካ የምሰማው «ዥዥዥ» ብቻ ነው። ሰርግ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ እንደመስማት በሉት። መብራት የጠፋ ዕለት ግን፣ ወላሂ፣ ባንዱ እንዳለ ይከፈታል። ላፕቶፑ በባትሪ፣ ሰፈሩ ጸጥ። ሰው መብራት ጠፋ ብሎ ሲራገም እኔ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

ስለዚህ ዕቃ ሳትገዙ ትንሿን የባትሪ ሬዲዮ ያዙ። ኤኤም ላይ ጣቢያ የሌለበት ቦታ አቁሟት። ግቢውን ዙሩ። ኤልኢዲ አምፖል ጋ ስትደርሱ ትጮሃለች። የሞባይል ቻርጀር ጋ ደግሞ ይብሳል፤ በተለይ ቀላል ክብደት ያላቸው ርካሾቹ። የሶላር ኢንቨርተርም እንዲሁ። ጸጥ ያለችበት ጥግ የአንቴናችሁ ቦታ ነው።

ኪዩቢት (ወሎ ዩኒቨርሲቲ)

ቦርከና ዳር፣ ሱቅህ የት ጋ ነው? የኛ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ኮምቦልቻ ነው፣ ጓደኞቼን ልላካቸው። ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት ጣቢያ ቢኖር አሪፍ አይደል? የከፍታ ልዩነቱ 600 ሜትር ያህል ነው። አዮኖስፌሩ (አጭር ሞገድን የሚያነጥረው የላይኛው የአየር ክፍል) ይለያይ ይሆን?

ሩቅ ሰሚ (አዲስ አበባ)

አይለያይም። 300 ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ነገር የሐረጎ ቁልቁለት ምንም አይደለም። የቦታ ኮዳችሁም አንድ ነው፦ ሁለታችሁም ኬኬ 91 ውስጥ ናችሁ። ጥቅሙ ግን እዚያ ላይ ነው። ሰማዩ አንድ ስለሆነ ሁለቱ ጣቢያዎች ከተለያዩ ልዩነቱ የመሬት ነው፤ ጫጫታ፣ ተራራ፣ አንቴና። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከደነቆሩ ደግሞ ነገሩ ከላይ ነው። ብቻውን የቆመ ጣቢያ ይህን መለየት ይከብደዋል።

ተጠራጣሪው

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ቅር እንዳትሰኙ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአዮኖስፌር ተመራማሪዎች አሉት። አዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ከ1957–58 ጀምሮ አለ። የእናንተ የ40 ዶላር ፍላሽ ምን ይጨምራል?

ሩቅ ሰሚ (አዲስ አበባ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። እነሱ በብዛት የሚለኩት የመሬትን ማግኔት ነው፣ ወይም ከሳተላይት የሚመጣ የጂፒኤስ ሲግናል በአዮኖስፌር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደዘገየ ነው። እኛ የምንሰማው አልፎ የሄደውን ሳይሆን ነጥሮ የተመለሰውን ነው። ሁለቱ የተለያየ ነገር ይነግሩሃል።

ቦታው ደግሞ አለ። የማግኔት ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል፤ ደሴ ከእሱ ሩቅ አይደለችም። ቀን ላይ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በዚህ መስመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከባድ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ከዚያው መስመር ላይ ፕላዝማው ወደ ላይ ተነስቶ በሰሜንና በደቡብ ተከፍሎ ይወርዳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ አዮኖስፌሩ ውስጥ ባዶ አረፋ የመሰሉ ቦታዎች ይፈጠራሉ። ጂፒኤስ ይንቀጠቀጣል፤ የአጭር ሞገድ ድምፅም ይርገበገባል። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ሺህ ሰው የሚሰማበት ካርታ ላይ የእኛ አካባቢ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ባዶ ቦታ ላይ አንዲት ነጥብ ትቆጠራለች።

አባ ሞገድ (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ልጆቼ፣ ከመሐል ልግባ። እኔ የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። እናንተ አዲስ አትምሰላችሁ፤ ይህ ደጋ ለመስማት የተፈጠረ ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1943 አስመራ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ የያዙት፣ ኋላ ቃኘው የተባለውን፣ ወደው አይደለም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ። እስከ 1977 ድረስ እዚያ ተቀምጠው ዓለምን ሲያዳምጡ ኖሩ።

እኛም በበኩላችን የአዲስ አበባውን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ እናዳምጥ ነበር።  ማታ ማታ መርፌውን ትንሽ ገፋ ስናደርግ ካይሮ፣ ሞስኮ፣ ለንደን ይመጡልናል። ቀን ላይ ግን ዝም። ለምን እንደሆነ የነገረን አልነበረም። መምህር፣ ለልጆቹ ይህን ያስረዱልን።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

አባቴ፣ እርስዎ ያሉበት ክር ላይ መጻፍ ክብር ነው። ባጭሩ እንዲህ ነው። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ላይ ዲ የሚባል ንብርብር አለ። ፀሐይ ስትወጣ ይፈጠራል፣ ስትጠልቅ ይጠፋል። ዝቅ ያለውን ፍሪኩዌንሲ፣ መካከለኛ ሞገድንና የአጭር ሞገድን ታችኛ ክፍል፣ ቀን ላይ ይውጠዋል። ማታ እሱ ሲጠፋ ሞገዱ ከላይኛው ንብርብር ነጥሮ ይደርሳል። ከፍ ያለው ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ 28 ሜጋኸርዝ ቀን ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል። ግርዶሹን የምንፈልገውም ለዚህ ነው። በቀትር ላይ ፀሐይ ስትሸፈን 7 ሜጋኸርዝ ሻል ይል እንደሆነ፣ 28 ደግሞ ይዳከም እንደሆነ ማየት እንፈልጋለን።

ሐይቅ ማዶ

ሐምሌ 26?! ደሴ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ታያለች እንዴ? ጉም ነው የሚሆነው።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ይሁና! በዓይን የሚያይ ሰው ይከፋው። ሬዲዮ ጉም አያውቅም። የሚያሳስበኝ መብረቁ ነው።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

መብረቁ በትክክል ያሳስብ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ገመዱን ከላፕቶፑ ነቅላችሁ ወደ ውጭ ጣሉት። ከአንቴናው ሥር የመሬት ዘንግ ቅበሩ። ልጆች ዝናብ ላይ ጣሪያ እንዳይወጡ። ሩቅ የወደቀ መብረቅም በአጭር ሞገድ ላይ እንደ ጥይት ይንጣጣል፤ ክረምት ላይ የጫጫታው ልክ ራሱ ከፍ ይላል።

አንቴናው ከባድ አይደለም። 143ን በሜጋኸርዝ አካፍሉ፣ የዳይፖሉ ጠቅላላ ርዝመት በሜትር ይወጣል። ለ14.1 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ከ14 ሳንቲም ገደማ። መሐል ላይ ቆርጣችሁ ሁለት ክንድ ታደርጉታላችሁ። ለገመድ የዲሽ ኬብል ተጠቀሙ። 75 ኦም ነው፣ ለመስማት ምንም አይል። እያንዳንዱ ሰፈር ውስጥ የወደቀ የዲሽ ኬብል አለ። ከላፕቶፑ በኩል ኬብሉን ፌራይት ቀለበት ላይ ብዙ ጊዜ ጠምጥሙት፤ የቤቱ ጫጫታ በኬብሉ ሽፋን ወደ አንቴናው እንዳይወጣ። ፌራይት ከየት ካላችሁ፣ የድሮ ሞኒተር ገመድ ላይ ያለችውን ጉብታ ሰብራችሁ አውጡ።

ኪዩቢት (ወሎ ዩኒቨርሲቲ)

ቲቸር፣ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እንዳይዘረጉት ብቻ። ከቆርቆሮው ይራቅ፤ ዛፍና ምሰሶ መሐል ይሻላል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ባሕር ዛፍ ሞልቶናል። መብራት እየጠፋ ሲመጣ ግን ምን ይሻላል? ላፕቶፑ ባትሪው ሞቷል።

ሩቅ ሰሚ (አዲስ አበባ)

ከዚህ ክር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ። ጣቢያችሁ *መቼ በሕይወት እንደነበረ* መዝግቡ። የሰማችሁትን ፕሮግራሙ ራሱ ይመዘግባል። ችግሩ ዝምታው ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ምንም ካልተሰማ፣ ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ስለተነሳ ነው? መብራት ስለጠፋ ነው? ወይስ ልጅ ገመዱን ረግጦ ነቅሎት? ከስድስት ወር በኋላ ማንም አያስታውስም። ዝምታው ምክንያቱ ካልታወቀ መዝገቡ ለሳይንስ አይሆንም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ላፕቶፑ በየ5 ደቂቃው አንዲት መስመር ይጻፍ፦ ሰዓቱን፣ የጫጫታውን ልክ። መስመሯ ካለች ጣቢያው ነበረ። መስመሯ እያለች ዊስፐሮቹ ከጠፉ ያ እውነተኛ ዝምታ ነው። ፀሐይ ላይ ጠንካራ የኤክስሬይ ፍንዳታ ሲነሳ ቀን ላይ ያለው የዓለም ክፍል በአጭር ሞገድ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከሰዓት በላይ ይደነቁራል። እሱን መያዝ ትችላላችሁ። የፀሐይ 25ኛው ዑደት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ገደማ ጫፉ ላይ ደርሶ አሁን በመውረድ ላይ ነው፤ ቢሆንም ፍንዳታው አያልቅም።

ለኃይል፣ ላፕቶፑን ትታችሁ ራስበሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ብታገኙ ከኤስዲአሩ ጋር 5 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ ወደ 8 ሰዓት ይይዛችኋል። 12ቱን ወደ 5 ቮልት የሚቀይረው ዕቃ ርካሽ ከሆነ እሱም ይጮሃል፤ በዚያች ትንሽ ሬዲዮ ፈትሹት።

ሰዓቱም ትክክል መሆን አለበት። ከ1 ሰከንድ በላይ ባይዛነፍ ይመረጣል። ኢንተርኔት ካለ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተካክላል። መዝገቡ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ይሁን። ለልጆቹ፦ በእኛ አቆጣጠር የቀን ሰዓት ላይ 3፣ የማታ ሰዓት ላይ 15 ይደምሩ፤ ከ24 ካለፈ 24 ይቀንሱ። ቀኑ የሚቀየረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ይህን ሳይነግሯቸው ቢጀምሩ ግማሹ ልጅ በአገር ሰዓት፣ ግማሹ በፈረንጅ ሰዓት ይጽፍልዎታል።

አባ ሞገድ (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ኮምፒውተር ለሌለው ሰውስ? ጆሮ አለኝ እኮ።

ሩቅ ሰሚ (አዲስ አበባ)

አለልዎት፣ አባቴ! 14.100 ሜጋኸርዝ ላይ 18 የቢከን (መለያ ምልክት ብቻ የሚልኩ) ጣቢያዎች በየሦስት ደቂቃው በተራ ይልካሉ። ለእያንዳንዱ 10 ሰከንድ። መጠሪያውን በሞርስ በ100 ዋት ይልክና አራት ረጃጅም ጭረት ያስከትላል፦ 100፣ 10፣ 1፣ በመጨረሻም አንድ አሥረኛ ዋት። ስንተኛው ጭረት እንደጠፋብዎት ቆጥረው መንገዱ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ይፈርዳሉ። ዙሩ ከተጀመረ 1 ደቂቃ ከ30 ላይ ስሪ ላንካ፣ 1 ከ40 ላይ ደቡብ አፍሪካ፣ 1 ከ50 ላይ ኬንያ፣ 2 ደቂቃ ላይ እስራኤል። ምሥራቅ፣ ደቡብና ሰሜን በ40 ሰከንድ ውስጥ። አንዳንዱ ለጥገና ይዘጋል፤ ስለዚህ አንዱ ቢቀር አይደንግጡ። ሞርሱ የሚሰማው ግን ኤስኤስቢ የሚባለው የመቀበያ ዘዴ ባለው ሬዲዮ ብቻ ነው።

አባ ሞገድ (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ኤስኤስቢ ያለው አንድ አሮጌ ሬዲዮ ከመደርደሪያ ላይ አለኝ፤ ካፓሲተሮቹ ይቀየሩለታል። መምህር፣ ልጆቹን ቅዳሜ ይላኩልኝ፤ ሞርስ አስተምራቸዋለሁ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ኧረ አባቴ፣ ይዣቸው እመጣለሁ! ዕድሜ ይስጥልን።

ተጠራጣሪው

እሺ፣ ተረታሁ አልልም ግን ልጄን ይዤ ልምጣ? 7ኛ ክፍል ነው።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ይምጣ፣ አብሽር። ቦርከና ዳር፣ ነገ ፒያሳ ወርጄ ሽቦ ልገዛ ነው። 1.5 ካሬ የመብራት ሽቦ ልያዝ ወይስ ወፍራም ይሻላል?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

1.5 በቂ ነው፣ ፕላስቲኩን አትላጡት። ጫፍና ጫፉ ላይ ግን ሽቦውን በቀጥታ ዛፍ ላይ እንዳታስሩት፤ ናይለን ገመድ አስገቡ መሐል። ባሕር ዛፍ በነፋስ ስለሚወዛወዝ ገመዱን ጥቂት ላላ አድርጉት፣ አለዚያ ቡሄ ሳይደርስ ይበጠሳል።